የአንገቱ ቱቦና ማተቡ

አባዬን በሳምንት ሁለት ቀን ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ ይዤ ማርቆስ ሆስፒታል እመላለስ ነበር። ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ ደማቸውን የሚያጥበው ማሽን ነው፤ ከማሽኑ ጋር የሚያገናኛቸው ደግሞ አንገታቸው ሥር የገባች አንዲት ቱቦ። ያቺ ቱቦ ከተበላሸች አለቀ። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ይህን አጥተውት አይደለም።

ነርሷ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማተባቸውን አየችው። የቆየ፣ የጠቆረ፣ ጠበል በተጠመቁ ቁጥር የሚርስ ክር ፋሻው ላይ ተጋድሟል። ይህ እዚህ አይሆንም አለች። ሰውነት ቱቦውን እንደ ባዕድ ስለሚያየው ያለ ክሩም እንደሚቆጣ፣ እርጥብ ክር ሲታከልበት ደግሞ ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ አስረዳችን። እጃቸው ላይ ይታሰር አለች። አባዬ ክርስትና ከተነሱ ጀምሮ ከአንገታቸው ወርዶ እንደማያውቅ ተቆጥተው ነገሯት። እኔም፣ ሞኝ ነኝና፣ አብሬ ጮህኩባት። ደግሞ አንቺ ሃይማኖት ልታስተምሪን ነው ወይ አልኳት።

ቤት ስንመለስ ንዴቴ ወደ እሳቸው ዞረ። ፋሻው ሥር መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አበጠ፣ ከዚያ መግል ቋጠረ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ባኮርፍ ወይ ፍንክች! የነፍስ አባታቸውን ላምጣ ብል ልትከሺኝ ነው ብለው አፌን አስያዙኝ። ተማሪዎቻቸው መሃል ተቀምጠው ቅኔ ሲያስቆጥሩ እያየሁ ጥርሴን እነክስ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ማሽኑ ላይ እንዳሉ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር። ኢንፌክሽኑ ከቁስሉ አልፎ ደማቸው ውስጥ ገብቷል፤ ራሳቸውንም ሳቱ። ሐኪሙ ቱቦው አሁኑኑ ይውጣ አለ። ክሩ ከመግሉ ጋር ደርቆ ፋሻው ላይ ተጣብቋል። ነርሷ መቀስ አነሳችና እኔን አይታ ቆመች። ከእጇ ነጥቄ ራሴ ቆረጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ሲነቁ መጀመሪያ የዳሰሱት አንገታቸውን ነው።

"ማነው የበጠሰው?" አሉ።

መቀሱን ያልፈራሁት እኔ ዓይናቸውን ፈራሁ። ነርሷ ከአልጋው ማዶ ሆና፣ "እኔ ነኝ የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች።

ዝም አልኩ። ያንን ዝምታዬን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። አባዬ በሌላ ቱቦ ሁለት ዓመት ማሽኑ ላይ ተመላለሱ፤ አዲሱን ማተብ እጃቸው ላይ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። የዚያችን ልጅ ሰላምታ ግን እስኪሞቱ ድረስ አልመለሱላትም። ቱቦውን አጽድታ፣ ፋሻውን ቀይራ፣ ደህና ይዋሉ የኔታ ትላቸዋለች፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እሷ ዕቃዋን ሳትሰበስብ ወደ እኔ ይመለሱና፣ ማተቤን ያሰርሽልኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ክፉ አያሳይሽ ብለው ይመርቁኛል። እኔም እሷ እየሰማች አሜን እላለሁ።