የአስቴር ደብዳቤ

ሴቻ ሰፈር ካለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የገባሁት ከመምህርነት ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ነው። ባለቤቱ አቶ ታደሰ ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ አንድ ወንበር፣ ወፍራም መዝገበ ቃላትና ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝ። ሥራዬ የሰውን እንግሊዝኛ ማረም ነው። «ወረቀቱ ካልቀላ ደንበኛው የሠሩለት አይመስለውም» አሉኝ። እኔም ሳልሰስት አቀላሁት።

ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የፕሮጀክት ሪፖርት ሳርም ኖሬአለሁ። መጀመሪያ የግሥ ጊዜ፣ ቀጥሎ የባለቤትና የግሥ ስምምነት፣ በመጨረሻ የቃላት ምርጫ፤ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። አሁን አሁን ብዙዎቹ ፋይሉን በቴሌግራም ልከው ይጨርሳሉ። የስንቱን ሰው ምኞት አውቃለሁ፣ መልኩን ግን አላውቀውም። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቤት ስገባም የሚያወራኝ ሬዲዮ ብቻ ነው።

አስቴር ግን ትቀመጥ ነበር። ኦቾሎ ከሚባል የተራራ መንደር የመጣች የሸማኔ ልጅ ናት፤ በሒሳብ ተመርቃ ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ልታመለክት መጣች። ደብዳቤዋን ሳርም አጠገቤ ሆና ሙዝ ትልጥልኛለች፣ ስለ መንደሯ ሰዎች እያወራች ታስቀኛለች።

ይዛ የመጣችው እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር፦ «አባቴ ይሸምናል። ድሩን የምቆጥርለት እኔ ነኝ። ሒሳብ የተማርኩት እዚያ ነው።» ጉድለቱ የግሥ ጊዜ ብቻ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። እኔ ግን «ነገ ደግሞ ነይ» አልኳት። በማግስቱም እንደዚያው። በመጣች ቁጥር አንድ ቀላል ቃል አውጥቼ አንድ ከባድ ቃል አስገባለሁ። በሁለት ሳምንቱ ደብዳቤው ስለ «ባህላዊ ዕደ ጥበብና ቁጥራዊ አስተሳሰብ ትስስር» የሚያትት ሆነ። አቶ ታደሰ አንብበው «እንግሊዝኛ ማለት ይኼ ነው» አሉ።

ደብዳቤው አለፈ። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ስለሆነ እዚያው ሱቃችን ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች፤ እኔም ከጎኗ። ጠያቂዋ ያንን የ«ትስስር» ዓረፍተ ነገር አነበበችና «ምን ለማለት ነው? እስቲ በራስሽ ቃል ንገሪን» አለቻት። አስቴር ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ አቀረቀርኩ።

«ደብዳቤውን የጻፍሽው ራስሽ ነሽ?»

አስቴር እንደገና ወደ እኔ ዞረች። ዕድሉም አመለጣት። ልኳላት ብዬ ዓይኗን አጠፋሁ።

ውጤቱ በመጣ ዕለት ልትነግረኝ ብቅ አለች። አልተቆጣችም።

«ቲቸር፣ ስለ አባቴ ሥራ ቢጠይቁኝማ እመልስ ነበር። የመጀመሪያው አይበቃም ነበር ወይ?»

«ይበቃ ነበር» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ቀየሩት?»

እንድትመጪልኝ ብዬ ነው ለማለት አፍሬ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ገጠምኩ። ደህና ዋሉ ብላኝ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ያረማችሁትን የጽሑፉ ባለቤት ያንብብላችሁ፤ በራሱ ቃል ማስረዳት ካቃተው ሰርዙት። አሥር ደቂቃ የሚበቃውንም ጽሑፍ በአሥር ደቂቃ ጨርሳችሁ ሰውየውን አሰናብቱት።