የውሻዬ አጥር ስንት ክንድ ይሁን

እኔ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ አንድ ቀን ሳልቀመጥ ማንበብና መጻፍ የቻልሁ፣ የወፍጮ ሞተር ፈትቼ የገጠምሁ ሰው ነኝ። መርሳ ውስጥ ሞተር የቆመበት ሁሉ መጀመሪያ ወልድያ ይልካል፤ በመጨረሻ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ይህን የማስቀድመው የቀበሌ ሰዎች ስለ አጥር ሊያስተምሩኝ ሲመጡ ማንን ሊያስተምሩ እንደመጡ እንዲታወቅ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ቡናማ ውሻ ነበረኝ። ሰው ነክሶ አያውቅም፤ ጥፋቱ ሰው መውደዱ ነው። ጎረቤቴ ሼሁ ውዱእ አድርገው፣ ታጥበው ነጽተው፣ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ሲወጡ አጥር ዘሎ ይደርስና ልብሳቸውን ይልሳል። ውሻ የላሰው ልብስ ለሶላት አይሆንምና አጥበው፣ ቀይረው እስኪወጡ ሶላቱ ያመልጣቸዋል።

«ውሻህ ይወደኛል፤ እኔም አልጠላውም» አሉኝ። «ግን ፍቅሩን ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይንገረኝ።»

እሳቸው ይህን ብለው ተዉት። ወሬው የደረሰው የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ።

«ጋሼ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ውሻውን በሰንሰለት ይሰሩት። አለዚያ መርዝ የነካው ሥጋ እንጥልለታለን።»

«ያልነከሰ አይታሰርም። አጥሩን ከፍ አደርጋለሁ።»

«ስንት ክንድ?»

«ውሻውን ጠይቄ እነግርሃለሁ።»

ሳቁ። እኔ የበረቱን በር ከታች በሳንቃ ዘግቼ ከውስጥ አጥንት አስቀመጥሁ። ውሻው በዘለለ ቁጥር አንድ ሳንቃ እጨምራለሁ። ሦስት ክንድ ሲሆን ቁጭ ብሎ አየኝ። አንድ ክንድ ጨምሬ አጥሬን በአራት ክንድ አጠርሁት።

በስምንተኛው ቀን ውሻው ሼሁ ደጃፍ ተገኘ።

«ጋሼ፣ የለኩት በሕፃን ክንድ ነው እንዴ?» አለኝ ሊቀመንበሩ። «ሁለት ቀን ቀርቶታል።»

«ቁመቱ ልክ ነው» አልሁት፤ ሰንሰለትም አልገዛሁም።

በማግስቱ ዱካ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ውሻውን ስጠብቅ ዋልሁ። ለካ የሚነሣው ከመሬት አይደለም። እንደ ወረዳችን እንደ ሀብሩ ሰው ሁሉ እኔም ማሽላዬን ካጨድሁ በኋላ አገዳውን ከአጥሩ አስደግፌ ከምሬ ነበር። ክምሩ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ አራት ክንዴ ለእሱ ጉልበት አይደርስም። የከመርሁት እኔ ነኝ፤ የደረስሁበትም እኔው ነኝ። ያን ዕለት አገዳውን ተሸክሜ ግቢው መካከል አዛወርሁት። አላፊ አግዳሚው «አገዳ ግቢ መሐል?» እያለ ተሳለቀብኝ።

በአሥረኛው ቀን ሊቀመንበሩ በቀትር መጣ። ሼሁ በደጄ ሲያልፉ ውሻው ተንደርድሮ ዘለለ፤ አጥሩን በደረቱ መትቶ ወደ ውስጥ ተንሸራተተ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተኛ። ሼሁ «ዛሬ በሰላም አለፍን» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሊቀመንበሩ አጥሩን በክንዱ ለክቶ ሄደ።

እንግዲህ የሠራሁት ይህ ነው፤ የአጥርን ቁመት ከራሱ ከውሻው ጠየቅሁ። በአጥር ሥር የሚከመር ነገር ሁሉ ከቁመቱ እንደሚቀነስ ለሰፈሩ አስተማርሁ፤ የሳቁብኝም አገዳቸውን አራቁ። ለሼሁ ሶላታቸውን መለስሁላቸው። ሰንሰለት ሳልገዛ ኖርሁ። ውሻዬም መርዝ ሳይቀምስ አርጅቶ፣ ከበረቱ ጥላ ሥር በተኛበት ሞተ።