የእማማ ኤሌኒ ቪዛ ቅዳሜ ያበቃል

ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት

አዲስ አበባ ገና አልነጋም። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይንዘፈዘፋል። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ኤሌኒ ናቸው፤ ቤቴ ክፍል ተከራይተው የሰነበቱ የሰባ ስምንት ዓመት ግሪካዊት። ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባታቸው የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ። አገር ለቀው የወጡት በወጣትነታቸው ነው።

የመጡት በሠላሳ ቀን የቱሪስት ቪዛ ነው። የሳንባ ምች አልጋ ላይ ጥሏቸው አብዛኛው ቀን እኔ ቤት አለቀ። ብቻቸውን እንዳይሄዱ ድሬዳዋ ላደርሳቸው አብሬ ወጣሁ። ቪዛው ቅዳሜ ያበቃል።

«ይበቃኛል» ይላሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። «ሐሊማ ነገ ዓይኗን ትታከማለች። ዓርብ ፋሻው ይነሳል፣ ታየኛለች። ቅዳሜ ከድሬ እበራለሁ።»

እማማ ሐሊማ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

የአዋሽ አቧራ፣ ጭሮ ላይ ትኩስ ጥብስ፣ የሂርና ጫት ተራራ፣ የቁልቢ ብርድ። ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ ሹራባችንን አወለቅን፤ ታች ድሬ ስንደርስ ነጠላውም ከበደን።

የባጃጁ ሾፌር ብቅ ብሎ «አንቺ፣ የት ነሽ?» አላቸው። እንዴት ትልቅ ሰውን አንቺ ይላል ብዬ ልቆጣ ስል እማማ ኤሌኒ ሳቁ።

«ተይው። ድሬ ውስጥ እርስዎ ካሉሽ ተጣልተውሻል ማለት ነው።» ወደ ሾፌሩ ዞረው «መጋላ ውሰደን፣ አቦ» አሉት።

የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግረን እማማ ሐሊማ ቤት ገባን። እማማ ሐሊማ የጓደኛቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ ግንባር፣ ጉንጭ፣ አፍንጫ።

«ወላሂ፣ ኤሌኒ ናት!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ መሀል ላይ በኦሮምኛም ሲያወሩ አመሹ። እኔ ግማሹ አመለጠኝ።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ሐኪሙ የእማማ ሐሊማን የደም ግፊት ሁለት ጊዜ ለካ።

«ዛሬ አይሆንም። በጣም ጨምሯል። ምን ሆነሽ ነው?»

«እንግዳ መጥታብኝ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ አደርን።»

ቀዶ ሕክምናው ለሰኞ ተዛወረ፤ ፋሻው የሚነሳው ማክሰኞ። እማማ ኤሌኒ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔው ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። «ልሂድ በቃ። በዚህ ዕድሜዬ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ቪዛሽ አልፏል ተብዬ ልቁም?»

ዓርብ፣ 3 ሰዓት

ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ ጎትቼ ወሰድኳቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ፓስፖርቱን አገላብጣ አየች።

«ቀኑ ሳያልፍ መምጣታችሁ ጥሩ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ እኔ አግዛችኋለሁ። ፎቶው ግን ያለ መነጽር፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ይሁን። ለጁምዓ ሶላት ከመዝጋታችን በፊት ድረሱ።»

ከዚራ፣ በዛፎቹ ጥላ ሥር ፎቶ ቤት ፍለጋ በባጃጅ ዞርን። የመጀመሪያው መብራት የለውም። ሁለተኛው ጋ ፎቶ ተነስተን ወደ ቢሮው ተመለስን፤ ለመዝጋት ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ምክንያት?» አለች ልጅቷ። «ጉብኝት ልበል?»

«በዪ» አሉ እማማ ኤሌኒ። «ግን ጎብኚዋ እኔ አይደለሁም። እኔን የምትጎበኝ ሌላ አለች። እስክታየኝ ልቆይ ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ጉብኝት ብላ ጻፈችና ላከችው።

ቅዳሜ

የመጨረሻው ቀን። ስልኬን በየደቂቃው እከፍታለሁ። እማማ ኤሌኒ ሻንጣቸውን አሰሩ፤ እማማ ሐሊማ ዳስሰው ፈቱባቸው። እንደገና አሰሩ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ባስገባበት፣ መልእክቱ ገባ፤ ተፈቅዷል፣ ሠላሳ ቀን።

እማማ ኤሌኒ መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ጋደም አሉና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለካ ሦስት ቀን አልተኙም።

ማክሰኞ፣ ረፋድ

ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። እማማ ሐሊማ የተሠራውን ዓይን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ቀጥሎ የሐኪሙን ጋዋን። መጨረሻ ላይ እማማ ኤሌኒን አዩ፤ ግንባር፣ ጉንጭ፣ አፍንጫ።

«ኤሌኒ፣» አሉ፣ «እናትሽን መሰልሽ።»

እማማ ኤሌኒ ያን ጊዜ አለቀሱ።

ረቡዕ፣ ንጋት

ሥራ ስለሚጠብቀኝ ተመላሿ እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱም ሊሸኙኝ አውቶቡስ ተራ ድረስ መጡ። የዛሬው ክርክራቸው ከከተማው ወጣ ስላለችው ሐርላ ነው። እማማ ሐሊማ የድሮውን ፍርስራሽ በገዛ ዓይኔ ካላየሁ ብለዋል፤ እማማ ኤሌኒ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙ ይፍቀድ ይላሉ።

«አብረን እንመለስ ይሆን?» አልኳቸው እማማ ኤሌኒን ለወጉ፣ መስኮቱን ከፍቼ።

«ሂጂ አንቺ!» አሉኝ፣ እንደ ድሬ ሰው። «እኔ ገና ቀን አለኝ።»