ቀመር የመረጠችው የሸክላ ማጫወቻ

ሐኪሙ የዓይኗ መሐል ቀስ በቀስ እየጠቆረ እንደሚሄድ ሲነግራት ቀመር አላለቀሰችም። ወደ ቱኒዚያዋ የወደብ ከተማ ወደ ቢዜርት በሚመልሳቸው አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጡ ግን ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ "ጣሂር፣ ዓይኔ ሳይከዳኝ ደህና የሸክላ ማጫወቻ እንግዛ" አለችው።

ጣሂር ሳቀ። እንዳልቀለደች የገባው ቆይቶ ነው።

ዕድሜዋን በጆሮዋ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ እስክትወጣ ስልክ ቤት ተቀምጣ የከተማውን ሰው ስታገናኝ፣ ማን እንደተኳረፈና ማን እንደታረቀ "አሎ" ካለበት ድምፅ ትለይ ነበር፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ማሉፍ የተባለውን የአገሯን የቆየ ሙዚቃ ሸክላ ታስቀምጣለች፤ ክራር መሰሉ ዑድና ቫዮሊኑ ሲጀምሩ ፊቷ ይፈታል። ችግሩ ማጫወቻዎቿ ነበሩ። ሁሉም ርካሽ፣ ሁሉም ሳያረጁ የሚሞቱ። የአሁኑን ከእሷ ጋር የሚያረጅ ፈለገች።

ገንዘቡ አሮጌ መኪና ሊገዙበት ያስቀመጡት ነው። ጣሂር መርከብ ሲጠርብ ኖሮ ጉልበቱ የደከመ አናጢ ነው፤ ዓይኗ የሚደክም ሴትና ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ መኪና ምን ያደርግላቸዋል ተባባሉና ቱኒስ ሄዱ።

የሱቁ ባለቤት ሪዳ ሦስት ማጫወቻ አወጣላቸው። ቀመር ዓይኗን ጨፍና ሁለቱ ወንዶች ዝም እንዲሉላት ጠየቀች። የመጀመሪያው የሚያብረቀርቅና ጣሂርን ያስደነገጠ ውበት ያለው ነበር፤ እጇ ሲነካው ግን እንደ ጀልባ ተወዛወዘ። ሁለተኛው ቁልፉን ሲጫኑት መርፌውን የያዘውን ክንድ ራሱ አንስቶ ራሱ የሚያስቀምጥ ነው። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን እጇን ያለ ሥራ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሦስተኛው ጥቁር፣ ከባድ፣ ምንም ጌጥ የሌለው። ሸክላው የተቀመጠበትን ሳህን በጣቷ ገፋ ስታደርገው ድምፅ ሳያሰማ ረጅም ጊዜ ዞረ። ክንዱን በዳበሳ አንስታ ልታስቀምጥ ስትል ከሸክላው ጠርዝ ውጭ ለቀቀችው፤ ሪዳ መርፌው ሳይሰበር አፈፍ አድርጎ ያዘው። 

"ይቅርታ፣ ልጄ። አንዴ ልድገም?"

"ይድገሙ፣ እናቴ" አላት፤ እጁን ግን ከአጠገቡ አላራቀም።

በሁለተኛው ሙከራዋ ክንዱን የሚያወርደውን ትንሽ ዘንግ አገኘችው። መርፌው ቀስ ብሎ ወርዶ ሸክላው ላይ አረፈ፤ ዘፈኑ ተጀመረ። የቀመር ትከሻ ዘና አለ።

ጣሂር ወደ ሪዳ ጠጋ ብሎ ለረጅም ጊዜ የቱ ይሻላል ሲል ጠየቀው። ሪዳም ባለቁልፉ አንድ ቀን ከተበላሸ እሱ ራሱ ሊፈታው እንደማይችል፣ ጥቁሩን ግን ሳህኑን የሚያዞረውን ቀበቶና መርፌውን እየቀየሩ የልጅ ልጅ ድረስ ማቆየት እንደሚቻል በግልጽ ነገረው። ጣሂር ልቡ ግን አልረጋም። ሚስቱን ወደ በሩ ወሰዳት።

"ቀመር፣ ያኛው ጫን ማድረግ ብቻ ነው። እኔ ቀድሜሽ ከሄድኩ ማን ይረዳሻል?"

"አንተ ከሌለህማ፣ ያን ጊዜ ነው እጄ ሥራ የሚፈልገው።"

ጣሂር ተመልሶ ጥቁሩን ጠቅልልልን አለ።

ቤት ሲደርሱ ከአሮጌ የጀልባ እንጨት ጠረጴዛ ሠራለት፤ የእጇን አንጓ የምታሳርፍበት ለስላሳ ጣውላም በጠርዙ አበጀላት። በየሸክላው ልባስ ላይ ክር ሰፋ፤ አንድ ቋጠሮ የሠርግ ዘፈን፣ ሁለት ቋጠሮ የሐዘን። ሸክላ ማውጣት ስትፈልግ የሚያይላት ሰው አላስፈለጋትም። የዓይኗ መሐል ዓመት በዓመት ጠቆረ፤ የጣሂርን ፊት በዓይኗ ዳር ብቻ፣ እንደ ጥላ ታየው ጀመር።

አንድ ቀን ከእህቷ ቤት ስትመለስ ሸክላ አስቀመጠች። መሐል ላይ ድምፁ ጠቅ፣ ጠቅ አለ።

"ይኼን ማን ነካው?"

"ድመቷ ትሆናለች" አለ ጣሂር።

"ድመቷ ክንድ ማንሳት ተማረች በለኛ።"

ጣሂር ቤቱ ያለ እሷ ጭር ቢልበት ሊሞክር ፈልጎ ክንዱን ቸኩሎ ሲጥለው መርፌው ሸክላውን እንደጫረው፣ ከዚያ ወዲህም ለመናገር እንዳፈረ ቀስ ብሎ ነገራት። ቀመር አልተቆጣችም። ወንበሩን እንዲያቀርብ አዘዘችው፤ ያንን የመርከብ አናጢ ሻካራ እጅ ይዛ ዘንጉ ላይ አስቀመጠችው፣ የራሷንም ከላይ አደረገች።

"አትቸኩል" አለችው። "ይወርዳል። አንተ ብቻ ልቀቀው።"