ቤት ያስከለከለን ገብስ

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ከጅሬን ኮረብታ ጉሙ ሲወርድ፣ እንደ ልማዴ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሳነብ የሚታመስ ገብስ ሸተተኝ። የቆሎ ሽታ አልነበረም። ተፈትጎ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ብረት ምጣድ ላይ የወጣ ገብስ ለስለስ ያለ፣ ወተት ወተት የሚል ሽታ አለው። መጽሐፉን አጠፍኩትና እናቴን አሰብኩ።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን ኮረብታ ግርጌ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ በሰው የጭነት መኪና ቡና እያመላለሰ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድር ነበር፤ እናቴ ግን በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ፀሐፊ ስለነበረች በየወሩ ደመወዝ የምታገኘው እሷ ነበረች። በኅዳር፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጁ ላይ ቀይ ቡና አስጥቶ ዶሮ በሚያባርርበት ወቅት፣ የቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ መሆኑን ነግረውን «ለባዳ ከምሸጠው ለእናንተ ይሁን፤ ክረምት እስኪገባ እጠብቃችኋለሁ» አሉን። እናቴ ያን ዕለት ግድግዳውን እየዳበሰች ስትዞር አየኋት፤ ስንት ዓመት የኖረችበትን ቤት ገና ዛሬ የነካችው ትመስል ነበር።

በታኅሣሥ ለሠራተኞች የቤት ብድር ወደሚሰጥ ቢሮ ሦስታችንም ሄድን። የተቀበለን ሰውዬ አባቴን «እርስዎ» እያለ እናቴን «አንቺ» ይላት እንደነበር አልረሳውም፤ የሚያያት ደግሞ ብድሩን እንደጠየቀች ሴት ሳይሆን አባቴን ልትሸኝ እንደመጣች አድርጎ ነበር።

«ልጅ ይቺ ብቻ ናት?»

«አዎን፣ ጌታዬ» አለ አባቴ።

«ሌላስ?»

«አላሰብንም» አለች እናቴ።

«ሁሉም እንዲያ ይላሉ። ብሩን ይወስዱና በዓመቱ አራስ ቤት ይተኛሉ! እኔ ያኔ ማንን ልጠይቅ፣ ሕፃኑን?» ብሎ ሳቀ። አባቴም፣ መሳቅ ያለበት መስሎት፣ አብሮት ሳቀ። እናቴ መቀነቷን አጠበቀች። እህቴ ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ ነበረች።

በጋው እንዲሁ በመጠበቅ አለፈ። ቤቱን አይቶ የሚገምት ሰው ይመጣል ተብሎ ነበርና እናቴ በየቀኑ ደጁን ትጠርግ፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ትለቀልቅ፣ ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ደግሞ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ ሥራ ትሄድ ነበር። በበልግ ዝናቡ ሲጀምር ሹራቡም አልሸፍናት አለ፤ ቢሮው ግን ገና ነው ይላል።

እኛ ዘንድ የምትወልድ ሴት የገንፎ እህሏ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ገብሱ ተፈትጎ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ መቀመጥ አለበት፤ ያልተዘጋጀላት ሴት ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ገብስ ሲታመስ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ በዚያ ቤት ምን እንደሚጠበቅ ያውቃል። ስለዚህ እናቴ ገማቹ መጥቶ እስኪሄድ እህሉን ላለመንካት ቆረጠች። ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገረችም፤ በሆዷ ያለውን ልጅ «የለም» ብላ መካዷን ከአፏ ማውጣት ትፈራ ነበር። እንደ እናት ለምናያቸው ለጎረቤታችን ለአዴ ዘይነባ እንኳ አልነገረቻቸውም። እኔ ያወቅሁት ማታ ማታ ከአባቴ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ነው።

አዴ ዘይነባ ታዲያ የእህሉን መዘግየት እያዩ አንጀታቸው ሲቃጠል ከርሞ፣ ግንቦት ላይ ደዶ ገጠር ካሉት ወንድማቸው ገብስ አስመጡና፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሙቀጫቸውን አሸክመው ጓሯችን ገቡ። እናቴ «ዛሬ ይቅር፣ አዴ» ብትላቸው «ዝም በይ! አንቺ እናት የለሽም፣ እኔ አለሁ» አሏት። እናትስ እውነትም አልነበራትም። ከዚያ በኋላ መከልከል አልቻለችም።

ገማቹ የመጣው በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ነው። እናቴ ብርድ ብርድ ብሎኛል ብላ ጋቢ ተከናንባ ከጠረጴዛው ጀርባ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ሰውዬውም ግድግዳውን ለካ፣ ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አየ፣ «ጥሩ ቤት ነው» አለ። እናቴ ፈገግ ስትል አየኋት። ከዚያ መጸዳጃ ቤቱን ሊያይ ወደ ጓሮ ዞረ፣ እኔም ተከተልኩት።

«ምንድን ነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለ፣ ሽታው አፍንጫውን እየሳበው።

«ምን ሠርግ ትላለህ አንተ! የገንፎ ነው እንጂ» አሉ አዴ ዘይነባ ከምጣዱ ቀና ሳይሉ። «ይቺ ልጅ ወላሂ ወሯ ገብቶ እህል የላት! ኢንሻላህ ወንድ ነው፤ ያኔ ና፣ ማርቃ አበላሃለሁ።» ማርቃ በኦሮምኛ ገንፎ ነው።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ተመልሶም በሩ ላይ ቆሞ በጋቢ የተሸፈነችውን እናቴን አያትና «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ከጓሮ አዴ ዘይነባ እየዘፈኑ ይወቅጡ ነበር።

ቢሮው ኋላ የሰጣት መልስ «ወልደሽ፣ ጡት አስጥለሽ ነይ፤ ያኔ እናያለን» የሚል ነበር። እህቴ በሰኔ ተወለደች፤ የአዴ ዘይነባ ገንፎ ቅቤው መሐሉ ላይ ቀልጦ ቀረበ፣ እናቴም እያመሰገነች በላች። ባለቤቱ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻሉምና ቤቱን አንድ የቡና ነጋዴ ገዛው፤ እኛም የሚከራይ ሌላ ቤት ብናጣ በነሐሴ ዝናብ አባቴ በሚነዳው መኪና ተጭነን አሰንዳቦ አክስቴ ዘንድ፣ ከሻይ ቤቷ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ገባን። ስንሰናበት አዴ ዘይነባ «ኢንተላ ኮ፣ ምነው ልጄ፣ እኔ በደልኩሽ?» እያሉ ሲያለቅሱ እናቴ «የእሱ ሥራ ወደዚያ ስለሆነ ነው» አለቻቸው። እስኪሞቱ ድረስ ሌላ ነገር አልሰሙም።

ከአሰንዳቦ ጅማ ተመላልሶ መሥራት ስላልተቻለ እናቴ ሥራዋን ለቃ ለሾፌሮች ሻይ ታቀርብ ጀመር፤ እኔም እህቴን አዝዬ ስለምውል ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ብዙ ክፍል አልፈው ከሄዱ በኋላ ነው። እናቴ የራሷ ቤት ሳይኖራት ሞተች።

እኔም በሠላሳዎቹ ሳለሁ ብድር ጠይቄ «ልታገቢ ነው? ልትወልጂስ?» ተብያለሁ፤ ቤቱ ይቅደም፣ ልጁ ይደርሳል እያልኩ ስገፋው ዓመታቱ ሄዱ። በመጨረሻ ብድሩን ያገኘሁ ቀን የተቀበለኝ ወጣት የተወለድኩበትን ዘመን አየና ስለ ልጅ ምንም ሳይጠይቀኝ አለፈ። በጣም አክባሪ ልጅ ነበር።

ያ የክረምት ሽታ ይመጣ የነበረው ከግቢዬ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ለኮሌጅ ሥራ ከወሎ የመጣች ልጅ ተከራይታዋለች። ስትገባ ያልኳት ነገር ቢኖር «እኔ ማንበብ ስለምወድ ጸጥታ ነው የምፈልገው» የሚል ብቻ ነበር። ሄጄ ባይ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። ሳንኳኳ በጭሱ ዓይኗ ቀልቶ ብቅ አለችና በሰውነቷ ምጣዱን ከለለችብኝ።

«ቆሎ ነው፣ እትዬ» አለች፣ ሳልጠይቃት።

«ለቆሎ ከሆነ ገና ነው። ለገንፎ ከሆነ ግን አውርጂው፣ እያረረብሽ ነው።»

አልሳቀችም። ነጠላዋን ወደ ሆዷ ሳብ አድርጋ «ክፍሉን ልቀቂ ይሉኛል?» አለችኝ።

እናቴ ያን ጊዜ ሆዷን የምትደብቀው ከቢሮ ሰው ነበር፤ ዛሬ ይቺ ልጅ የምትደብቀው ከእኔ ነው። «አልልሽም። መስኮቱን ክፈቺው፣ በጭስ ታፍነሽ ትሞቻለሽ» አልኳትና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ዞር ብዬ ሳይ መስኮቱን ገርበብ አድርጋዋለች፤ እጇን ግን ከመዝጊያው ላይ አላነሳችም።