ፎቶ አንሺው ስለ ጥርሴ የነገረኝ ሳይንስ

ዛሬ አዳማ ላይ ከእጮኛዬ ጋር ለሰርግ ጥሪ ካርድ ፎቶ ስንነሳ፣ ፎቶ አንሺው «እህቴ፣ አፍሽን ገጠም አድርጊው» አለኝ።

ያደግኩት መቂ ነው። የጉድጓድ ውሃችን ጥርስ ያበልዛል፤ የኔም በልዟል።

«ቅር እንዳይልሽ፣ ኢቮሉሽን ነው» አለኝ። «ከጥንት ጀምሮ የሰው አእምሮ ነጭ ጥርስ ሲያይ ‹ይቺ ጤነኛ ናት፣ ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች› ይላል። የበለዘ ሲያይ ይሸሻል። በኤዲቲንግ አነጣልሻለሁ። እሱ ግን ከፓኬጁ ውጪ ነው።»

እዚህ ጋ ጠረጠርኩ። የጥንት ሰው ታሪክ መጨረሻው ለምንድን ነው ሁሌ ተጨማሪ ክፍያ የሚሆነው?

እጮኛዬ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ ከአንድ ቦኖ ጠጥተን ነው ያደግነው። «ታዲያ የሱ አእምሮ ለምን አልሸሸም? እንዳንተ አባባል ቢሆን መቂ ላይ እስካሁን ማን ይቀር ነበር?» አልኩት ፎቶ አንሺውን።

ፎቶ አንሺው ሳቀ። ሲስቅ ግን እጁ ቶሎ ብሎ አፉን ሸፈነ። ያቺን እጅ አውቃታለሁ፤ የኔም እንደዛው ናት።

«የት ነው ያደግከው?» አልኩት።

«ዝዋይ» አለ፣ እጁን ሳያወርድ።

የዝዋይም ውሃ ያው እንደ መቂ ነው።

እኔና እጮኛዬ ጥርሳችንን ገልጠን ተነሳን፤ በኤዲቲንግም አይነጣም።

እናንተስ? ስትስቁ አፋችሁን መሸፈን ያስተማራችሁ ማነው? ብቻ «የጥንት ሰው ነው» እንዳትሉኝ።