የእነ ወንድሙ እጅ

ወንድሙ የሚባለው ሸማኔ እጁ አንዴ ከጨበጠ ቶሎ አይለቅም። መወርወሪያውን ይዞ ሊወረውር ሲል ጣቶቹ እንቢ ይሉታል፤ እስኪፈቱለት ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል። እኔ ደሳለች፣ እሱ የሠራውን ነጠላ ሽሮ ሜዳ የምሸጠው፣ ይህን ስንት ዓመት አይቻለሁ። ቤተሰቡ ግን በሽታ ነው ብሎ አያውቅም። ገና ጎረምሳ ሳለ አባቱ እጁ እንዲህ አልፈታ ሲል አይተው "የያዘውን የማይለቅ እጅ! ይኼ ልጅ ሸማኔ ሆኖ ነው የተወለደው" አሉና ከወንድሞቹ መርጠው ሽመና ላይ አስቀመጡት። በበሽታ ሲኮሩ ኖሩ፤ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

ባለፈው ክረምት ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደ። ወጣቱ ሐኪም ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠው። ወንድሙ እጁን መልቀቅ አቃተው፤ በሀፍረት አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ አልሳቀም። "ጋሼ፣ እስቲ እንደገና ጨብጠው ይፍቱት" አለው። ስለ አባቱም ጠየቀው። አባቱ የነበረባቸው ሞራ ብቻ ነው፤ እሱም ከሸመገሉ በኋላ። ደም ተወሰደ፤ ለምርመራ ሩቅ ቦታ ተላከ።

ውጤቱ ሲደርስ ብቻውን መግባት ስለፈራ አብሬው ገባሁ።

"ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር በሰውነታችን ውስጥ አለ" አለ ሐኪሙ። "ሰውነታችን የሚሠራው እዚያ ላይ በተጻፈው ነው። አንድ ቦታ ላይ ያው ሦስት ፊደል እየተደጋገመ ተጽፏል። ሁላችንም ጋ ይደጋገማል፤ እርስዎ ጋ ግን ከመጠን በላይ በዝቷል። ሲበዛ ክሩ በራሱ ላይ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ነገር ደግሞ ሲቀዳ ስህተት ይገባበታል፤ ትርፍ ፊደል ይጨመርበታል። ስለዚህ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይረዝማል። በረዘመ ቁጥር በሽታው ቶሎ ይጀምራል፣ ይከፋልም። አባትዎን ዓይናቸውን ብቻ ነካቸው፤ እርስዎን ግን በወጣትነትዎ እጅዎን ያዘዎት።"

ወንድሙ ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለ። "ክሩ ተተርትሮ እንደገና አይሠራም?"

"እስካሁን አልተቻለም፣ ጋሼ። ልጆች አሉዎት?"

አንዲት ልጅ አለችው፤ ሰርካለም። ቀጨኔ ነው ያገባችው፤ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ይህን ሲሰማ ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ወርሳው ይሆናል፤ ላትወርሰውም ትችላለች፤ ዕድሉ እኩል ነው። ከወረሰችው ግን፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲሄድ አንዳንዴ በጣም ይረዝማል። ሕፃኑ ሰውነቱ ዝሎ፣ መተንፈስ አቅቶት ሊወለድ ይችላል። የመተንፈሻ መሣሪያ ያለበት ቦታ ነው መውለድ ያለባት። ይንገሯት፤ አይዘግዩ።"

እሱ ግን ዘገየ። ሰርካለም ከቤቷ አጠገብ ካለች ትንሽ ክሊኒክ ልትወልድ ተዘጋጅታለች። ወንድሙ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ አውርቶ ይመለሳል። ፊቱን ሳይ እንዳልነገራት አውቃለሁ። እንቅልፍ አጣ። እኔም ስለ እሱ እንቅልፍ አጣሁ።

"ባሏ ትቷት ቢሄድስ?" አለኝ አንድ ቀን። "እሷስ ዓይንህን ለአፈር ብትለኝ?"

"አንተ ሰው፣ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው የምትነግራት?" አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። እጁን ይዤ የቀጨኔን ዳገት አብረን ወጣን።

ሰርካለም ሽንኩርት እየላጠች አገኘናት። ወንድሙ ተቀመጠ። "ልጄ፣ እጅሽን..." አለና አቋረጠ።

እሷ ቢላዋውን ጨብጦ አልፈታ ያላትን እጇን ቶሎ ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። ያኔ ገባኝ። እሷም ወርሳዋለች።

"ከእርግዝናው ጋር የመጣ መስሎኝ ነው፣ አባዬ" አለች። "ለማንም አልተናገርኩም። አንተም ትጨነቃለህ ብዬ ደበቅኩህ።"

ያኔ ወንድሙ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ አባቱ ዓይን፣ ስለ ክሩ፣ በየትውልዱ ስለመርዘሙ፣ ሕፃኑ ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል። አንዳንዱን ሲስተው እኔ ሞላሁለት። ባሏ መቼ እንደገባ አላየነውም፤ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። "ጠዋት ሆስፒታል እንሄዳለን" ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ እፎይ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አልቻልኩም። ሕፃኑ ገና አልተወለደም።

ሰርካለም አላለቀሰችም። ወደ አባቷ ዞረች።

"ቶሎ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣህ ነበር" አለችው። ከዚያ ሆዷ ላይ ሁለት እጇን አደረገች። "እኔስ ለዚህኛው ምን ብዬ ነው የምነግረው?"